ቀብዱን ከመክፈልህ በፊት



በዚህ ሳምንት አንድ ወንድም ከሸዋ ሮቢት ደወለልኝ። «ኡስታዝ፣ ከሽንኩርትና ከማሾ ያጠራቀምኩት፣ እህቴ ዐረብ አገር ሠርታ ከላከችው ጋር 600,000 ብር ሞላ። መንገድ ዳር የሚከራይ ቤት በ2,000,000 ብር አግኝተናል። ነገ ቀብድ ከፍዬ ቀሪውን ከወለድ ነፃ ባንክ ልጠይቅ ነው» አለኝ። «ነገ አትክፈል፤ መጀመሪያ እንነጋገር» አልኩት። የተነጋገርነው ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ ላካፍላችሁ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 275ኛው አንቀጽ ንግድን ፈቅዶ ወለድን እርም አድርጓል። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያው ቢያንስም ቢበዛም፣ ቀሪው በወለድ ብድር ከተሞላ ሐራም ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ አማራጭ አለ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሎታል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ አገልግሎት ከፍተዋል።

አንደኛው መንገድ ሙራበሃ ነው። ባንኩ ቤቱን ከባለቤቱ ይገዛል፤ ከዚያም የታወቀ ትርፍ ጨምሮ ለእናንተ በጊዜ ክፍያ ይሸጣል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሐኪም ኢብኑ ሒዛምን እጁ ላይ የሌለውን እንዳይሸጥ ከልክለውታል። ስለዚህ ባንኩ መጀመሪያ ባለቤት መሆን አለበት። እናንተ ከሻጩ ጋር ውል ጨርሳችሁ ቀብድ ከከፈላችሁ ግን ገዢዎቹ እናንተ ናችሁ፤ ባንኩ ምኑን ገዝቶ ይሸጥላችኋል? ገንዘቡን ብቻ ሰጥቶ ትርፍ ቢቀበል፣ ስሙ ሙራበሃ ቢባልም ነገሩ ብድር በወለድ ነው። ወንድማችንን «ነገ አትክፈል» ያልኩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው እየቀነሰ የሚሄድ ሙሻረካ ነው። እናንተ 30 እጅ፣ ባንኩ 70 እጅ አውጥታችሁ ቤቱን በጋራ ትገዛላችሁ። ኪራዩ በየድርሻችሁ ይከፈላል፤ እናንተ የባንኩን ድርሻ ቀስ በቀስ ትገዛላችሁ። ቤቱ ላይ ጉዳት ቢደርስ ኪሳራውም በድርሻ ነው። ጦርነት ባየ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውሉ ኪሳራውን ሁሉ በእናንተ ላይ ከጣለ ሽርክና አይደለም።

ሐላል መሆኑ ብቻ ግን አይበቃም፤ ሒሳብም ይሠራ። ለምሳሌ በሙራበሃ ቀሪው 1,400,000 ብር ነው፤ የባንኩ ትርፍ 700,000 ቢሆን ዕዳው 2,100,000 ይሆናል። በ10 ዓመት ሲከፈል በወር 17,500 ብር ነው። ቤቱ በወር 10,000 ቢከራይ፣ 7,500 ከየት ይመጣል? የሽንኩርት ዋጋ በወደቀበት ዓመትስ? ተከራይ በጠፋበት ወርስ? ያላችሁን ሁሉ ለቅድሚያ ክፍያ አታውጡ፤ ቢያንስ የጥቂት ወራት ክፍያ በእጃችሁ ይቅር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ዲናር ዕዳ ትቶ በሞተ ሰው ላይ፣ አቡ ቀታዳ ዕዳውን እስኪረከብ ድረስ አልሰገዱበትም። ዕዳ እንዲህ ይከብዳል።

በመጨረሻ «ካርታው በማን ስም ይወጣል?» ብዬ ጠየቅኩት። «በእኔ» አለ። «የእህትህ ድርሻስ?» ስለው ዝም አለ። ቆይቶ «ከግማሽ በላይ የእሷ ነው» አለኝ።

ወንድሞቼ! በሰው ቤት ስትለፋ ኖራ የላከችው ገንዘብ ስጦታ ነው? ብድር ነው? ሽርክና ነው? ጠይቋት። ሽርክና ከሆነ ስሟ ካርታው ላይ፣ ድርሻዋም በውሉ ላይ በምስክር ይስፈር። አላህ በዚያው ሱራ 282ኛው አንቀጽ ዕዳን እንድንጽፍ ያዘዘን ለዘመድም ጭምር ነው። ከወለድ ሸሽተን የእህታችንን ሐቅ ከበላን፣ ከምኑ ሸሸን?

ወንድማችን ቀብዱን አቆይቶ ለእህቱ ደወለ። አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፣ ከዕዳ ሸክምም ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ!