የቤተ መጻሕፍታችን መጻሕፍትና የፈተና ዝግጅት



«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለእኛ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በጣም የሚስማማ ነው። ብዙዎቻችን ትምህርቱን ሳናውቅ መልሱን ለማወቅ እንቸኩላለንና። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ስለዚህ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሶ ለፈተና መዘጋጀት እንዴት እንደሚገባ፥ ከራሴ ስሕተት የተማርሁትን በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በኪራሙና በአካባቢዋ ባለፉት ዓመታት ሰላም በመታጣቱ ትምህርት የተቋረጠባቸው ወራት እንደ ነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ምክንያት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ያመለጠኝ ትምህርት ብዙ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ ጉድለቴን በአቋራጭ ልሙላ ብዬ ከቤተ መጻሕፍት የጥያቄና መልስ መጽሐፍ ተዋስሁ። ከእኔ በፊት መጽሐፉን የያዙት ተማሪዎች በየጥያቄው ትክክል ነው ያሉትን ፊደል በእስክሪብቶ ከብበውበት ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ የተከበበውን ፊደል አጠና ጀመር። በሦስት ሳምንት መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ጨረስሁት፤ ሁሉንም ያወቅሁ መሰለኝ።

የሒሳብ የሙከራ ፈተና በተሰጠን ጊዜ ግን ያጠናኋቸው ጥያቄዎች ቁጥራቸው እየተለወጠ መጣ። ፊደሉን እንጂ መንገዱን አላወቅሁም ነበርና ከመቶ 31 አገኘሁ። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ምንም ሳያውቅ በግምት የሚመልስ ሰው እንኳ ከመቶ 25 ያህል ሊያገኝ ይችላል። እንግዲህ የሦስት ሳምንት ድካሜ ያተረፈልኝ ስድስት ነጥብ ብቻ መሆኑ ነው።

ይህን ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በነገርኋቸው ጊዜ መጽሐፉን ከመማሪያው መጽሐፍ ጋር እንዳስተያይ አደረጉኝ። ከተከበቡት ፊደላት ብዙዎቹ ስሕተት ሆነው ተገኙ። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ አንተ ያጠናኸው ትምህርቱን ሳይሆን የሌላውን ተማሪ እስክሪብቶ ነው» አሉኝ።

ችግሩ የእኔ ብቻ አይደለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠ ጊዜ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት በመላው አገሪቱ ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይኖራል፤ በእጃችን ያለው ግን የአጠናናችን ነገር ነው።

ሊቃውንት ይህን ነገር መርምረውታል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰው ያጠናውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ አስረዳ። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተማሪዎችን ከፋፍለው ፈተኑ። አንደኞቹ አንድ ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግመው አነበቡ፤ ሌሎቹ በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብበው፥ በሦስቱ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን እነርሱ 40 በመቶ ሲያስታውሱ፥ ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶ አስታወሱ። የቆሎ ተማሪም ሌሊት ያለ መብራት ትምህርቱን በቃሉ ሲያወጣ የኖረው ይህንኑ ሲያደርግ ነው።

እንግዲህ በቤተ መጻሕፍታችን ያሉትን መጻሕፍት በሚከተለው አኳኋን ብንጠቀምባቸው ይረዱናል።

አንደኛ፥ የመማሪያ መጽሐፍ። የአሥራ ሁለተኛው ትምህርት የተመሠረተው በታችኞቹ ክፍሎች ትምህርት ላይ ስለ ሆነ፥ ያልገባንን ምዕራፍ ከታች ጀምሮ መፈለግ ይገባል። አንድ ምዕራፍ ካነበብን በኋላ መጽሐፉን ዘግተን ያስታወስነውን በደብተር እንጻፍ፤ ከዚያም ከፍተን የጎደለውን እናሟላ። ሥርዓተ ትምህርቱ ስለ ተለወጠ ግን የቆየ መጽሐፍ ሲገኝ ማውጫውን ከአዲሱ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፥ መዝገበ ቃላት። በታችኛው ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ተምረን ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀን ሒሳቡ ወይም ፊዚክሱ ሳይሆን የጥያቄው ቃል ነው። ስለዚህ በየቀኑ አምስት ቃል ፈልጎ ከነምሳሌው መጻፍ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፥ ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች። እነዚህ መለኪያ እንጂ መማሪያ አይደሉም። ሰዓት ይዘን፥ መልሱን ሳናይ በደብተር እንሥራቸው፤ የሳትነውንም ጥያቄ ይዘን ወደ ምዕራፉ እንመለስ። ከሦስት ቀንና ከሳምንት በኋላም ደግመን ራሳችንን እንጠይቅ። በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ ግን ብዙ አይረዳም፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና።

እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ወር ሠርቼ በሁለተኛው የሙከራ ፈተና ከመቶ 54 አገኘሁ። ገና ብዙ ይቀረኛል፤ ነገር ግን ይህ ነጥብ የራሴ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፥ በጥያቄ መጽሐፍ ላይ መልስ የሚከብብና ገጽ የሚቀድ ሰው፥ ከኋላው የሚመጣው ታናሽ ወንድሙ ወይም እኅቱ ራሱን የሚፈትንበትን መሣሪያ እንደሚያበላሽ እንወቅ። እኔና ሦስት ጓደኞቼ በእስክሪብቶ የተበላሹትን ጥያቄዎች በንጹሕ ደብተር ገልብጠን፥ የሚገኙበትን የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ከጎናቸው ጽፈን ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጥተናል። ሌሎቻችሁም በየትምህርቱ እንዲሁ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን ሆይ፥ የእርሻውና የቤቱ ሥራ ብዙ እንደ ሆነ እናውቃለን። ቢሆንም ለልጆቻችሁ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ከመብራት ጋር ብትፈቅዱላቸው ታላቅ ስጦታ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የመጀመሪያውን የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ከአገራቸው ርቀው ነበር፤ ኦነሲሞስም በኋላ ነቀምቴ መጥቶ አስተማረ። ለወለጋ ልጆች መጽሐፍ እንዲህ ተደክሞበት የመጣ ነገር ነው።

እንግዲህ መጽሐፉን ከፍተን እንማር፥ ዘግተን ራሳችንን እንጠይቅ፥ ንጹሕ አድርገንም ለሚቀጥለው እናስረክብ እያልሁ ጽሑፌን በዚህ እፈጽማለሁ።