የጉባኤ ምክር በምን ይቃናል?

ብዙ ሰዎች ስለ ተስማሙበት ብቻ ምክር ሁሉ የቀና ይሆናል ማለት አይቻልም። ምድረ ከነዓንን ሰልለው እንዲመለሱ ከተላኩት ከ12ቱ ሰዎች 10ሩ በአንድ ወገን ቆመው የሕዝቡን ልብ አቀለጡ፤ ኢያሱና ካሌብ ግን ሁለት ብቻ ሆነው እውነቱን መሰከሩ (ዘኁ. 13 እና 14)። ማኅበሩም የሁለቱን ቃል በመመርመር ፈንታ በድንጋይ ይወግሯቸው ዘንድ ተነሣሡ፤ የዚያም ቀን ምክር ዋጋ 40 ዓመት በምድረ በዳ መንከራተት ሆነ። ንጉሡ አክዓብም ወደ ሬማት ዘገለዓድ ይዘምት ዘንድ 400 ያህል ነቢያት በአንድ አፍ ሲያደፋፍሩት የይምላ ልጅ ሚክያስ ብቻውን ተቃወመ፤ ስለ ተቃወመም ወደ ግዞት ቤት ተጣለ፥ ንጉሡ ግን ከዘመቻው በሕይወት አልተመለሰም (1ኛ ነገ. 22)። ኦሪትም ሰው ብዙዎችን ተከትሎ ወደ ክፉ እንዳያዘነብል አስቀድማ ከልክላለች (ዘጸ. 23፥2)።

ይህን ስንል አንድ ሰው ብቻውን ይቍረጥ፥ ሌላው ዝም ብሎ ይከተል ማለታችን አይደለም። መካሮች በበዙበት ምክር እንደሚጸና ጠቢቡ ሰሎሞን አስተምሯልና (ምሳ. 15፥22)። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ይኸውም ጉባኤ እጅ ከመቍጠሩ በፊት ምን ሊያደርግ ይገባዋል? የሚል ነው። እኛም፥ ውሳኔው የሚከብድበት ሰው አስቀድሞ ተሰምቷልን? ብሎ መጠየቅ የነገሩ ሁሉ መክፈቻ ነው እንላለን፤ ለዚህም የሐዋርያትን ሥራ ምስክር እናደርጋለን።

በኢየሩሳሌም የነበረው የምእመናን ማኅበር በበዛ ጊዜ በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ምክንያት ማጕረምረም ተነሣ። በይሁዳ ተወልደው ያደጉት ምእመናን፥ ከግሪክ አገር የመጡትንና ጽርዕ የሚናገሩትን ወገኖች መበለቶች ቸል አሉ ተባለ (የሐዋ. 6፥1-6)። ሐዋርያት ይህን ሲሰሙ፥ ይህን ወሬ ማን አስነሣው? ብለው አልመረመሩም፤ አጕረምራሚዎቹንም እንደ ዐመፀኞች አልቈጠሩም። ከ12ቱም መካከል ሁለት ሦስቱ በስውር ተነጋግረው ነገሩን አልጨረሱትም፤ ሕዝቡን ሁሉ ጠሩ እንጂ። በጸሎትና በቃሉ አገልግሎት የተጠመዱ ስለ ሆኑ ማዕድ ማደሉን ራሳቸው ሊይዙት እንደማይገባ ምክንያቱን ገልጠው ተናገሩ። ከዚያም ቍጥሩን ሰባት ብለው ወሰኑ፤ የሚመረጡትም በመልካም ስም የተመሰከረላቸው፥ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው እንዲሆኑ አዘዙ። ምርጫውን ለሕዝቡ ተዉ፥ እጅ መጫኑን ግን ለራሳቸው ጠበቁ። በዚህ ሥርዓት የሕዝብ ድርሻ ሢመተ ክህነትን አላጠፋም፥ ሢመተ ክህነትም የሕዝብን ድርሻ አልነጠቀም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የተመረጡት ሰዎች ስም ነው። እስጢፋኖስ፥ ፊልጶስ፥ ጵሮኮሮስ፥ ኒቃሮና፥ ጢሞና፥ ጳርሜና፥ ኒቆላዎስ፤ ሁሉም የጽርዕ ስሞች ናቸው፥ የመጨረሻውም ከአንጾኪያ የመጣ፥ ከአሕዛብ ወደ ይሁዲነት ገብቶ የነበረ ሰው ነው። በእርግጥ ስም ብቻውን የተሟላ ማስረጃ አይሆንም፤ ከ12ቱ ሐዋርያትም እንድርያስና ፊልጶስ የጽርዕ ስም ነበራቸው። ነገር ግን ከሰባቱ አንድ ስንኳ የዕብራይስጥ ስም ያለው አለመገኘቱ እንዲሁ የሆነ አይመስለንም። የአገሩ ተወላጆች ማዕዱን የማደሉን ሥልጣን የተበደሉት ወገኖች ላመኗቸው ሰዎች አሳልፈው ሰጡ ማለት ነው። ከሰባቱ አራቱ ከእኛ፥ ሦስቱ ከእናንተ ይሁኑ ብሎ የተከራከረ እንደ ነበረ መጽሐፍ አይነግረንም።

ወደ አሥራ አምስተኛው ምዕራፍ ስንሻገር ደግሞ የንግግሩን ተራ እናገኛለን። ከአሕዛብ ያመኑት ይገረዙ ዘንድ ይገባል የሚሉት ከፈሪሳውያን ወገን ያመኑ ሰዎች ተነሥተው ሐሳባቸውን ተናገሩ፤ ብዙ ክርክርም ሆነ፤ ቅዱስ ጴጥሮስ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። በርናባስና ጳውሎስ ያዩትን መሰከሩ፥ በመጨረሻም ያዕቆብ ፍርዱን አሰናዳ። የከበሩት ቀድመው ቢናገሩ ኖሮ የቀሩት ምን አፍ ነበራቸው? አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር፤ በነገሥታቱ የዙፋን ችሎት ፍርድ የሚሰጠው ከታናሹ ዳኛ ተጀምሮ ወደ ታላቁ እየወጣ ነበር፥ ንጉሠ ነገሥቱም የሚፈርዱት በመጨረሻ ነበር። ዛሬ ግን ሰብሳቢው አስቀድሞ ሐሳቡን ከገለጠ በኋላ፥ እናንተስ ምን ትላላችሁ? የሚልበት ጉባኤ ስንቱ ነው!

በኢየሩሳሌም ጉባኤ ያልተቀመጡት፥ ነገር ግን ሸክሙ የሚወድቅባቸው የአንጾኪያ ምእመናንም አልተረሱም። ደብዳቤ ብቻ አልተላከላቸውም፤ ይሁዳና ሲላስ በቃልም እንዲያስረዷቸው አብረው ተላኩ። ውሳኔ ሲነገር የሚጠይቁት ሰው ካለ፥ ልብ ይረጋል።

ስለ ዕጣም ጥቂት እንበል። አንዳንዶች ማትያስ በዕጣ መመረጡን እያነሡ (የሐዋ. 1፥15-26)፥ እኛም ዕጣ እንጣልና እንገላገል ይላሉ። ነገር ግን 120 ያህል ወንድሞች በተሰበሰቡበት በዚያ ስፍራ ዕጣው የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም። ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ እስከ ዕርገት ድረስ ከጌታ ጋር የነበረ፥ የትንሣኤውም ምስክር ሊሆን የሚችል ማን ነው? ተብሎ ተመረመረ፤ ሁለት ብቁ ሰዎች ተገኙ፤ ጸሎት ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ ዕጣ ተጣለ። ኢያሱም በሴሎ ለቀሩት ሰባት ነገዶች ምድሪቱን ሲያካፍል ከየነገዱ ሦስት ሦስት ሰዎች ልኮ ምድሪቱን አስጠንቶ በሰባት ክፍል ካስጻፈ በኋላ ነው ዕጣ የጣለው (ኢያ. 18)። እኅት ቤተ ክርስቲያናችን የእስክንድርያ መንበርም በ2005 ዓ.ም. አቡነ ታዎድሮስ ዳግማዊን ስትሾም፥ አስቀድሞ በመራጮች ድምፅ ሦስት አባቶች ተለይተው፥ ከሦስቱ ስሞች አንዱን ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን አውጥቷል። በዕቁባችንም ቢሆን ዕጣው የሚቀናው መዋጮው እኩል ስለ ሆነ ነው። ሳይደክሙና ሳይመረምሩ ዕጣ መጣል ግን የራስን ስንፍና በእግዚአብሔር ላይ መጫን ይመስለናል።

የተወሰነውስ ነገር ቢጐድል? የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች የሕዝቡ ቈጠራ ካለቀና የርስቱ ሥርዓት ከተነገረ በኋላ በደብተራ ኦሪት ደጃፍ በሙሴ፥ በካህኑ አልዓዛር፥ በአለቆችና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት ጠየቁ (ዘኁ. 27)። ሙሴም፥ ቈጠራው ተዘግቷል፥ ሴቶችስ በዚህ ምን አገባችሁ? አላለም፤ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፥ የጠየቁትም ቀና ሆኖ ተገኘ። የነገዳቸው አለቆች፥ ወደ ሌላ ነገድ ቢያገቡ ርስታችን ይጐድላል ብለው በተራቸው ሲያመለክቱም ተሰሙ (ዘኁ. 36)፤ የሴቶቹ መብት ሳይሻር የነገዱም ርስት ተጠበቀ።

በቤተ ክርስቲያናችን በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ ከወጣ ወዲህ ካህናት፥ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሰበካ ጉባኤ አብረው ይመክራሉ። መልካም ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን በአገር ቤትም ሆነ በውጭ አገር አጥቢያዎች ከአንድ ምሽት ውሳኔ የተነሣ አንድ ማኅበር ለሁለት ሲከፈል፥ ልጅ ያጠመቁበትን ደጅ ሰዎች ዳግመኛ ሳይረግጡት ሲቀሩ አይተናል። ነገሩን ስንመረምረው ብዙ ጊዜ የተጣሉት ስለ ተወሰነው ነገር ሳይሆን ሳይሰሙ ስለ ተወሰነባቸው ነው። ስለዚህ የሚመከርበት ጉዳይ አስቀድሞ በሰንበት በዐውደ ምሕረት ይነገር፤ ከሩቅ የሚመጡት ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ፥ በሌሊት፥ እጅ አይቈጠር። መናገር የማይደፍሩ እናቶች ስለ እነርሱ የሚናገርላቸውን ሰው ራሳቸው ይምረጡ። የጥቂቶቹም ቃል ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ጉባኤም አጀንዳው ከመከፈቱ በፊት ለሁሉ ይነበብ።