የትኛው ገጽ ለየትኛው ጉዳይ?

አዲስ አበባ፣ ሲግናል አካባቢ ያሉትን ቡቲኮች መስታወት ልብ ብላችሁ እዩ። ከሱቁ ስም ሥር ስልክ ቁጥርና የቴሌግራም ቻናል፣ አጠገቡ ደግሞ የቲክቶክ ምልክት ታገኛላችሁ። ብዙ ነጋዴ ግን እነዚህን የሚከፍተው ጎረቤቱ ስለከፈተ ነው። አንዷን ፎቶ ሁሉም ላይ ይለጥፋል፤ ገዢ ሲጠፋ «ኦንላይን አያዋጣም» ብሎ ይተወዋል። ያሳዝናል፤ ዕቃው ሸጋ ሆኖ ቦታው ብቻ ተሳስቶ ሊሆን ይችላልና። ከመለጠፋችሁ በፊት «ይህን የሚያየው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቲክቶክ የሚያሳያችሁ ለማያውቃችሁ ሰው ነው። ተከታይ ባይኖራችሁም ቪዲዮውን ለጥቂት ሰዎች ያቀርባል፤ እነሱ እስከ መጨረሻው ካዩት ለሌሎችም ያዳርሰዋል። ስለዚህ ገና ሲጀምር ጫማውን አሳዩ፣ ዋጋውን ተናገሩ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ልማድ ተዉት፤ ገዢ ያሸሻል። ችግሩ የትናንቱ ቪዲዮ ዛሬ መረሳቱ ነው። የወደደላችሁን ሰው ቶሎ ወደ ሌላ ቦታ ካልወሰዳችሁት አታገኙትም።

ያ ሌላ ቦታ በእኛ አገር ቴሌግራም ነው። የዱሮቭ ወንድማማቾች በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጡት ይህ መተግበሪያ በቻናል ተከታይ ቁጥር ላይ ገደብ የለውም፤ ግሩፑ እስከ 200,000 አባል፣ አንዱ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይይዛል። ተማሪው መጽሐፍ በፒዲኤፍ የሚያወርደው፣ ሥራ ፈላጊው ማስታወቂያ የሚያነበው እዚሁ ነው። ዛሬ ቻናላችሁን የተቀላቀለ ሰው አምና የለጠፋችሁትን ፈልጎ ያገኛል። ስልክ ቁጥራችሁን ደብቃችሁ በመለያ ስም ብቻ መነጋገርም ትችላላችሁ፤ በማታ ጥሪ ለሚሰለቹ ሴት ነጋዴዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ምስጢር ጠባቂነቱ ግን የሚወራለትን ያህል አይደለም። ተራው የቴሌግራም ጭውውት ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው የሚቆለፈው ሴክሬት ቻት ስትከፍቱ ብቻ ነው። ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁሉንም መልእክት በራሱ ይቆልፋል። መታወቂያ ወይም የሕክምና ውጤት የምትልኩ ከሆነ በዚያ ላኩ። ዱባይ ያለች እህታችሁ ግን በዋትስአፕ ጽሑፍና ድምፅ ትልካለች እንጂ መደወል አትችልም፤ ኤምሬትስ የኢንተርኔት ጥሪ የምትፈቅደው እንደ ቦቲም ላሉ ፈቃድ ላላቸው መተግበሪያዎች ነው። አልደወለችም ብላችሁ አትቀየሟት።

ፌስቡክ ላይ የግል አካውንት ከ5,000 በላይ ጓደኛ አይቀበልም፤ ለንግድ ፔጅ ክፈቱ። ጉልበቱ ሼርና ኮመንት ነው፤ አደጋውም እዚያው ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ከመገደላቸው በፊት ስማቸውና ፎቷቸው ከሐሰት ክስ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። ያላጣራችሁትን ወሬ ሼር አታድርጉ፤ ሰው ይሞትበታል። ሕጉም አለ፦ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት ይጠብቀዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። በየካቲት 2015 በአገራችን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆዩ። እንዲህ ሲሆን ቪፒኤን የማያውቅ ደንበኛ ቻናል መክፈት አይችልም። ቁጥሩ በእጃችሁ ካለ ግን በአጭር መልእክት ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ዕቃ በሸጣችሁ ቁጥር የገዢውን ስምና ስልክ ደብተር ላይ ጻፉ። አካውንታችሁ እንዳይሰረቅም ቴሌግራም ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ አብሩ፤ የመግቢያ ኮድ የሚጠይቃችሁ ሰው በዘመድ ስም ቢመጣም አትስጡት።