የበዓሉ ሥራ ለልጁም ይድረሰው

በዓል ሲቃረብ በየቤቱ የሚነሳው ወሬ የገበያ ነው። ዶሮ ስንት ገባ? ሽንኩርቱስ? ቅቤ ከገጠር የሚልክልን ይኖር ይሆን? ልጁን የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው፤ ችቦው ተገዝቷል ወይ፣ ቄጠማውን ዘንድሮ ማን ይጎዘጉዛል፣ ለጎረቤት ዳቦ የሚያደርሰው ማን ነው። በዚህ ምዕራፍ የምቆመው በልጁ ወገን ነው። ልጅን በበዓል የሚያረጋጉት ሁለት ነገሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ፦ ነገሩ እንደ አምናው መደገሙና በውስጡ የራሱ ድርሻ መኖሩ።

ልጅ በራሱ ቀን ላይ ሥልጣን የለውም። መቼ እንደሚተኛ፣ የት እንደሚማር፣ የኪራይ ቤት ሲለቀቅ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስኑለት ሌሎች ናቸው። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ችቦ እንደሚበራ፣ ጠዋት እጣን ጨሶ ቡና እንደሚፈላ ግን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ቀድሞ ማወቁ ነው የሚያሳርፈው።

የአእምሮ ሐኪሙ ስቲቨን ዎሊንና አንትሮፖሎጂስቷ ሊንዳ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1980 ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። የተመለከቱት ወላጅ የመጠጥ ሱስ ያለባቸውን የአሜሪካ ቤተሰቦች ነው። መጠጡ በባሰበት ዘመን እራታቸውና በዓላቸው በተናጋባቸው ቤቶች ሱሱ ወደ ልጆች ይበልጥ ሲተላለፍ፣ ሥርዓታቸውን ይዘው በቆዩት ዘንድ ግን ያነሰ ሆኖ አገኙት። በዓል ሱስ ይከላከላል ብዬ አልደመድምም፤ ያን ሁሉ ችሎ ማዕዱን በወጉ የዘረጋ ቤት ሌላም ብርታት ሳይኖረው አይቀርም። ቢሆንም ወላጅ ሲከፋው መጀመሪያ የሚሰርዘው በዓሉን መሆኑ እንዲያሳስበን ይበቃል።

ስለ ድርሻ ካነሳን እንደ ቡሄ ያለ አስተማሪ የለም። ነሐሴ 13 የሚውለው ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ጓደኛ ከጓደኛው ተራርቆ፣ ዝናቡም ልጆችን ቤት በዘጋባቸው ወቅት ነው። የሰፈሩ ልጆች ከቀናት በፊት ይሰባሰባሉ። ዱላ ይቆረጣል፣ ጅራፍ ይገመዳል፣ ድምፁ የጎላው አውራጅ ይሆናል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የሚታመነው ገንዘብ ያዥ ነው። ከዚያ በየደጁ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ፤ ሙልሙል ወይም ብር ሲሰጣቸው መርቀው ይሄዳሉ። ማታ ክፍፍሉ ላይ ጠብ አይጠፋም። ጠቡንም እወድላቸዋለሁ፤ ያለ ዳኛ ተከራክሮ መካፈልን የት ይማሩታል? አዋቂ የሚጠበቅበት በር ከፍቶ መስማት ብቻ ነው። “ሂዱ ከዚህ!” ብሎ የሚያባርር ጎረቤት ብዙ ነገር ያበላሻል።

በእንቁጣጣሽ ሴቶቹ ልጆች አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ፤ ወንዶቹ አበባና ፀሐይ ሥለው በየቤቱ ያድላሉ። አሁን አሁን የታተመ ሥዕል ገዝቶ ማደል በዝቷል። በእኔ ግምት ጠማማው የልጅ ሥዕል ይበልጣል።

ትምህርት ቤትም የራሱ በዓል አለው። ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ሲመጣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ይሸለማሉ፤ የቀሩት ያጨበጭባሉ። ሽልማቱ ይቅር አልልም፤ መምህራን ግን መዝሙሩንና ድራማውን ለቀሩት ቢያከፋፍሉ፣ ወንበር የሚደረድረውና እንግዳ የሚቀበለው ተማሪም ቀኑን የኔ ይለዋል። ለባህል ቀን አዲስ ልብስ ግዙ ማለት ግን በወላጅ ላይ የተጫነ ዕዳ ነው፤ ነጠላ ይበቃል።

ከባድ ዓመትም ይመጣል። ሐዘን የገባበት ቤት አይደግስም፤ ልጁ ግን ቄጠማ ቢጎዘጉዝ፣ ቡና ቢፈላ ማንም አይቀየምም። በዓሉን አሳንሱት እንጂ አትሰርዙት። አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ገና የሚውለው ጃንዋሪ 7፣ ብዙ ጊዜ ልጆች ትምህርት ቤት በሚውሉበት ቀን ነው። ድግሱ ወደ ቅዳሜና እሑድ ቢዛወር ችግር የለውም፤ በዕለቱ ጠዋት ግን ልጁ ድፎ ዳቦ ቀምሶ ይሂድ። ቤተ እስራኤላውያን ሲግድ የሚሉትን በዓላቸውን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ይዘውት ሄደው፣ የእስራኤል ምክር ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ የአገር በዓል አድርጎታል። በዓል ከአገር አገር መሻገር እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ከሚቀጥለው በዓል በፊት ልጅዎን ጠርተው “አምና ከሠራነው ዘንድሮ የትኛው እንዳይቀር ትፈልጋለህ?” ብለው ይጠይቁት። መልሱ ርካሽና ትንሽ ነገር ቢሆን አይገረሙ። ያንኑ ሥራ ለእሱ ይስጡት፤ ቢያበላሸውም አይንጠቁት።