በዑትባን ቤትና በመስጂዱ መካከል የነበረው ጎርፍ

  

ለዛሬ የመረጥነው ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የዑትባን ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ) ሐዲስ ነው። ዑትባን ከአንሷር ናቸው፤ በበድር ተሳትፈዋል፤ ለጎሳቸውም ኢማም ሆነው ያሰግዱ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ግን ተቸገሩ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር በቤታቸውና በመስጂዱ መካከል ያለው ሸለቆ በጎርፍ ይሞላል፤ መሻገር አልቻሉም። ስለዚህ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው መጥተው አንድ ቦታ ላይ እንዲሰግዱላቸውና እሳቸውም ያንን ቦታ መስገጃ እንዲያደርጉት ጠየቁ። ረሱልም እሺ አሉ። በማግስቱ ፀሐይ ከፍ ስትል ከአቡበክር (ረ.ዐ) ጋር ሄዱ። ቤት ሲገቡ ገና ሳይቀመጡ የጠየቁት፣ ከቤቱ የትኛው ቦታ ላይ እንዲሰግዱ እንደሚፈለግ ነበር። ዑትባን ቦታውን አሳዩ፤ ሁለት ረከዓ ተሰገደ።

መድረሳ ሳለን ይህን ሐዲስ ስንቀራ ልባችን ያረፈው በሑክሙ ላይ ነበር፤ ዑዝር ያለበት ሰው ቤቱ መስገድ ይችላል፣ በቤት ውስጥ መስገጃ መለየት ይፈቀዳል። (ማየት የተሳናቸው ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) አዛን ትሰማለህ ወይ ተብለው ስለታዘዙበት ሐዲስ የሚጠይቅ ይኖራል። ዑለማዎች ሁለቱን እንዴት እንዳስታረቋቸው ኡስታዞቻችንን ብንጠይቅ ይሻላል፤ የኛ ደረጃ አይደለም።) ጎርፉን ግን ልብ አላልነውም። ዑትባን ከጀማዓ የቀሩት ስንፍና ይዟቸው አልነበረም። ያስቀራቸው መንገዱ ነው። ረሱልም ስለ ኢማናቸው ሳይሆን ስለ ቦታው ነው የጠየቋቸው።

ጎርፉን እንድናይ ያደረጉን እዚሁ አምቦ ውስጥ ያሉ አንድ አባት ናቸው። በምንሰግድበት መስጂድ መጀመሪያው ሰፍ ላይ ዘወትር እናያቸው ነበር። ባለፈው ክረምት ጠፉ። እኛም ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳንጠይቅ ቆየን፤ ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። በኋላ አመዋል ብለን ልንዘይራቸው ስንሄድ ደጃፋቸው ላይ ሙስበሓቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘናቸው።

«ደህና ነኝ ልጆቼ፤ ቦዩ ነው» አሉን። «ክዳኑ ከተነሳ ቆይቷል። ለሱብሒ ስወጣ እግሬ ገባበት፤ ጉልበቴ እስካሁን አልዳነም። ክረምቱ ይውጣና እመጣለሁ።»

ያንን ቦይ ለሦስት ዓመት እየዘለልን አልፈነዋል። ክፍል ውስጥ የቦይ ስፋትና የውሃ ፍጥነት ስናሰላ እንውላለን፤ ክዳን ማጣቱን ግን አንዳችንም አላየንም። በሱረቱ ሩም 54ኛ አንቀጽ አላህ ሰውን ከድክመት ወደ ጥንካሬ፣ ከጥንካሬም መልሶ ወደ ድክመትና ሽበት እንደሚያሸጋግረው ይነግረናል። እኛ አሁን መሃሉ ላይ ስለሆንን ሁለቱ ዳር አይታየንም።

በሳምንቱ ሜትር ይዘን ከአባታችን በር እስከ መስጂዱ በር ለካን። 340 ሜትር ነው። በዚህ መሃል ክዳን የሌለው ቦይ ሦስት ቦታ ላይ አለ። አረፍ የሚባልበት መቀመጫ የለም። መብራት የለም። መስጂዱ በር ላይ ደግሞ መደገፊያ ብረት የሌላቸው ሁለት ደረጃዎች አሉ፤ በድምሩ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ናቸው። በራምፕ እንተካ ቢባል ስሌቱ የታወቀ ነው፤ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት፣ ማለትም 4.8 ሜትር። ግቢው ይበቃል። እስከዚያው ግን በ90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ የሚበየድ አንድ የብረት ቧንቧ ብዙ ያግዛል።

የቦዩ ክዳንም እንደምንፈራው አይደለም። 1 ሜትር በ60 ሳንቲ፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ የሆነ የኮንክሪት ክዳን ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ አይፈጅም። ከነፌሮው 150 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን አራት ልጆች ያነሱታል። ማንሻ ማጠፊያ ብረት ካልተተወለት ግን ቦዩ ሲደፈን የሚጠርገው ሰው ይሰብረዋል፤ ወይ አንስቶ ዳር ይተወዋል። ብዙዎቹ ክዳኖች የጠፉት እንዲህ ይመስለናል።

ከባዱ ነገር አስፋልቱ ነው። ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከጉደር እስከ ጌዶና ባኮ ከተሞቻችን ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚሄደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ነው የተዘረጉት። ቤቱ ወዲህ፣ ገበያውና መስጂዱ ወዲያ የሆነበት ሽማግሌ በየቀኑ ከሲኖትራክና ከባጃጅ ጋር ይጋፋል። የመንገድ ስሌት እግረኛን በሰከንድ 1.2 ሜትር ገደማ ይራመዳል ብሎ ይነሳል። በዚህ ፍጥነት 14 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በ12 ሰከንድ ይታለፋል። ምርኩዝ ይዘው በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚሄዱ እናት ግን ከ17 ሰከንድ በላይ ይፈጅባቸዋል። በዚያ 6 ሰከንድ በማይሞላ ልዩነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚበር ባጃጅ 50 ሜትር ያህል ይጓዛል። ለኛ ባዶ የሚመስለን መንገድ ለእሳቸው ባዶ አይደለም። መሃል ላይ ቆም የሚባልበት ከፍ ያለ ደሴት ቢኖር መሻገሪያው ለሁለት ይከፈል ነበር።

የዓይንም ነገር አለ። በ60 ዓመት ዕድሜ ወደ ዓይን ጀርባ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ከሚደርሰው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ በሱብሒና በዒሻእ ሰዓት እኛ «ደብዘዝ ብሏል» የምንለው መንገድ ለአባቶቻችን ጨለማ ነው።

ይህ ሁሉ የኛ ብቻ ጭንቀት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 በ33 ከተሞች ያሉ አረጋውያንን ጠይቆ ለአረጋውያን ስለሚመቹ ከተሞች መመሪያ አውጥቷል። በአገራችንም የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚጠቀምባቸው ሕንፃዎች መራመድ ቢችሉም ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ጭምር መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይጠይቃል። ስለዚህ ወደ ማዘጋጃ ቤት ስንሄድ የምንጠይቀው በሕግ የተጻፈውን ነው።

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ግን የራሳችንን መስጂዶች እንይ። የዉዱእ ቦታችን ሴራሚክ ነው፤ ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል። ቧንቧው ዝቅ ብሎ ስለተሠራ ካልቆረጠጡ አይደረስበትም፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ከቆረጠጠ መነሻ የለውም። 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሦስት መቀመጫዎችና ሻካራ የሲሚንቶ ወለል ይበቁ ነበር። የሴቶች መስገጃ ፎቅ ላይ የሆነባቸው መስጂዶችም አሉ። እናቶቻችን ተራዊሕ የሚቀሩት ለምን እንደሆነ ጠይቀናቸው እናውቃለን? ከመካከላችን ለጀማዓ የሚያሰግዱም ሙዓዝን (ረ.ዐ) ያስታውሱ። ሶላት ባስረዘሙ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በጽኑ ገሥጸዋቸዋል፤ ምክንያቱም ከኋላ ደካማ፣ ሽማግሌና ጉዳይ ያለበት ሰው ይኖራል።

መንገድ ላይ ያለን ጎጂ ነገር ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የምንተረጉመው በእሾህና በድንጋይ ነው። ክፍት ቦይም ከእሾህ አያንስም። ደግሞም ያንን ቦይ የሚሻገሩት የኛ አባቶች ብቻ አይደሉም። ነጠላቸውን አጣፍተው ማልደው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናቶችም በዚያው ያልፋሉ፤ የጎረቤት ሐቅ አለባቸው።

መምጣት ጭራሽ የማይችሉትን ደግሞ እንሂድላቸው። መካ በተከፈተች ጊዜ አቡበክር (ረ.ዐ) አዛውንት አባታቸውን አቡ ቁሓፋን ይዘው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጡ፣ ሽማግሌውን ቤታቸው ትተሃቸው እኔ ብመጣ ይሻል ነበር የሚል መልስ እንደሰጧቸው በሲራ ተዘግቧል። የጀማዓችን የዚያራ ቡድን ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ከጁሙዓ በኋላ በየቤቱ ይሄዳል። ስም ማስመዝገብ የምትፈልጉ የምክትል አሚሩን ጽሕፈት ጠይቁ፤ እህቶች እናቶችን ለመዘየር በጣም ያስፈልጋሉ።

የልኬቱን ወረቀት ለሠፈሩ አስተዳደር ሰጥተን ፈቃድ ካገኘን በኋላ ከመስጂዱ ኮሚቴ ጋር ሆነን ሁለት ክዳን አፍስሰናል። ሲሚንቶውን አንድ ነጋዴ ሰጡን፤ አላህ ይቀበላቸው። ሦስተኛው ቦይ ጠርዙ ስለፈረሰ መጀመሪያ ግንብ ይፈልጋል፤ ቅዳሜ ከዓስር በኋላ እንጀምራለን፤ አካፋ ያለው ይምጣ። አባታችን ለዙህርና ለዓስር መምጣት ጀምረዋል፣ አልሐምዱሊላህ። ለሱብሒ ግን ገና ናቸው፤ መብራቱ አልተገባም።