ጎረቤት አገሮች ሲኳረፉ ለዕረፍት መሄድ ይገባልን?

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል የተነገረው ስለ ቤትና ቤት ነው፤ ነገር ግን ስለ አገርና አገርም ቢነገር ያስኬዳል። አገራችን ኢትዮጵያ ስድስት ጎረቤቶች አሏት፤ እነርሱም ኤርትራ፥ ጅቡቲ፥ ሶማሊያ፥ ኬንያ፥ ደቡብ ሱዳንና ሱዳን ናቸው። ሰው ከጎረቤቱ ጋር አንዳንድ ጊዜ እንደሚኳረፍ ሁሉ አገርም ከጎረቤቱ ጋር ይኳረፋል። የቤት ኩርፊያ በሽማግሌ ይበርዳል፤ የአገር ኩርፊያ ግን ከመብረዱ በፊት ምንም የማያውቀውን ብዙ ሰው ይጎዳል።

ዘንድሮ የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራችን ለክፍላችን እንዲህ የሚል የክርክር ርእስ ሰጡን፤ «ሁለት ጎረቤት መንግሥታት ሲኳረፉ ዜጋ ለዕረፍት ወደ ማዶ መሻገር ይገባዋልን፥ ወይስ አይገባውም?» ነገሩ እንዲሁ በደፈናው እንዳይቀር ምሳሌያችን ኤርትራ እንድትሆን አዘዙ። ዕጣ ሲወጣ እኔ «አይገባውም» ከሚለው ወገን ሆንሁ። ለክርክሩ ያጠናሁትንና ከክርክሩ በኋላ ያሰብሁትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆች በዚህ መጽሔት አቀርባለሁ።

«ይገባዋል» ያሉት ያመጡት ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያታቸው አገሩ ሊታይ የሚገባው መሆኑ ነበር። አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፥ አየርዋ የሚስማማ የደጋ ከተማ ናት። በኢጣልያኖች ዘመን የተሠሩት ሕንጻዎችዋ በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ በ1930 ዓ.ም. ክንፉን እንደ ዘረጋ አይሮፕላን ሆኖ የተሠራው ፊያት ታልዬሮ የተባለው የቤንዚን ማደያ ነው። ከተማይቱም በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፋለች። ከአሥመራ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረድ የቀይ ባሕሩ ወደብ ምጽዋ ይገኛል፤ ከደጋው ብርድ ተነሥቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከባሕሩ ሐሩር መድረስ ለጂኦግራፊ ተማሪ ከመጽሐፍ የበለጠ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ምክንያታቸው መንግሥትና ሕዝብ አንድ አይደሉም የሚል ነበር። ትግርኛ የሚጻፈው አማርኛ በሚጻፍበት ፊደል ነው፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሄደ ልጅ ነገሩ ሁሉ ባይገባው እንኳ በአሥመራ የሱቁን ጽሑፍ ያነብባል። እንጀራው፥ ቡናው፥ ጾሙና በዓሉ ያው ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከሃያ ዓመት ዝምታ በኋላ ስልክ በተከፈተ ጊዜ ብዙ ሰዎች ማዶ ዘመድ ሳይኖራቸው እንዲሁ ቁጥር እየመቱ ከማያውቁት ሰው ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ። ሕዝቡ ጠላት ቢሆን ኖሮ ይህን ባላደረገም ነበር አሉ።

ሦስተኛም፥ ሄዶ ያየ ሰው በወሬ አይታለልም፤ ሰው የሚጠላው የማያውቀውን ነው አሉ። ይህን ሲናገሩ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበላቸው።

«አይገባውም» ያልነው ያመጣነው ምክንያት

የእኛ መልስ በታሪክ ላይ የቆመ ነበር። ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ስትሆን በሁለቱ አገሮች መካከል ሰውና ዕቃ ይመላለስ ነበር። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን የራስዋን ገንዘብ አወጣች፤ የድንበሩ ንግድ በየትኛው ገንዘብ ይከፈል በሚለው ነገር መንግሥታቱ ሳይስማሙ ቀሩ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በባድመ ምክንያት ጦርነት ተነሣ። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩ ተቋረጠ፤ በረራው ቆመ። በሁለቱም ወገን በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከኖሩበት ቤት ወጥተው ድንበር እንዲሻገሩ ተደረገ፤ ባል ከሚስት፥ ልጅ ከወላጅ ተለያየ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ውል ተፈረመ፤ በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሲዮኑ ባድመ ለኤርትራ ይገባል ብሎ ፈረደ። ይሁን እንጂ ፍርዱ ሳይፈጸም፥ ጦርነትም ሰላምም ሳይሆን፥ ብዙ ዘመን አለፈ።

ከዚያም ሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አሥመራ ገቡ፤ በማግሥቱም ከፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ ጋር የሰላም ቃል ኪዳን ተፈራረሙ። ሐምሌ 11 ቀን የመጀመሪያው የመንገደኞች አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ በረረ። በአዲሱ ዓመት በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ቡሬና ዛላንበሳ ላይ ድንበሩ ተከፈተ፤ ሃያ ዓመት የተለያየ ሕዝብ ተቃቅፎ አለቀሰ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የሚቀጥለውን ልብ ብለህ ተመልከት። ያ በደስታ የተከፈተው የዛላንበሳ በር አራት ወር እንኳ ሳይሞላው በታኅሣሥ ወር በኤርትራ ወገን ተዘጋ፤ የቀሩትም በሮች በጥቂት ወራት ውስጥ ተከተሉት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የኤርትራ ጦር የተሳተፈበት የትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ ጦርነቱም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ውል ቆመ። በ2016 ዓ.ም. ስለ ቀይ ባሕር መውጫ በአደባባይ መነገር ሲጀምር ኩርፊያው እንደገና ጸና፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 28 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሥራው ሁኔታ ከአቅሜ በላይ ሆነ ብሎ የአሥመራ በረራውን አቋረጠ።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ እንዳይመስል ሕንድንና ፓኪስታንን ጠቀስን። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በካሽሚር ፓሃልጋም በተባለ የመዝናኛ ስፍራ በአገር ጎብኚዎች ላይ ግድያ በተፈጸመ ማግሥት ሕንድ የአታሪን የድንበር በር ዘጋች፤ በሕጋዊ ወረቀት የተሻገሩትም በዚያው በር እንዲመለሱ የተሰጣቸው ጊዜ ስምንት ቀን ያህል ብቻ ነበር። ለሠርግ፥ ለሕክምና፥ ለጥየቃ የሄደው ሁሉ ዕቃውን ሸክፎ መሮጥ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ያወጣነው ትምህርት አንድ ነው፤ የጉዞ መለኪያው መሄጃው ሳይሆን መመለሻው ነው። መሄጃውን ሰው በፈቃዱ ይመርጣል፤ መመለሻውን ግን ሁለት መንግሥታት ያዙበታል።

ከመሄድ በፊት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

1ኛ/ የመመለሻው መንገድ ስንት ነው? በየብስም በአየርም መመለስ የሚቻል እንደ ሆነ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይቀራል። አንድ በር ብቻ ካለ ግን በሦስተኛ አገር ለመዞር የሚበቃ ገንዘብ በኪስ ያልያዘ ሰው ባይነሣ ይሻለዋል።

2ኛ/ ቢቸግረኝ ማን ይደርስልኛል? በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. በቪየና የተፈረመው የቆንስላ ጉዳይ ስምምነት እንደሚለው የቆንስል ሥራ በሰው አገር ያለውን የአገሩን ዜጋ መርዳት ነው። ፓስፖርት ቢጠፋ፥ ሰው ቢታመም ወይም ቢታሰር የሚፈለገው እርሱ ነው። መንግሥታት ሲጣሉ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚዘጋው ይኸው ቤት ነው። የኤርትራ ኤምባሲ በአዲስ አበባ በሐምሌ 2010 ዓ.ም.፥ የኢትዮጵያ ኤምባሲ በአሥመራ በጳጉሜን 2010 ዓ.ም. እንደገና የተከፈቱት ሰላም ከወረደ በኋላ ነበር።

3ኛ/ ምልክቱ ምን ይላል? ጠብ በአንድ ቀን አይመጣም። በመጀመሪያ ገንዘብና ንግድ ይበላሻል፤ ቀጥሎ የባለ ሥልጣኖች ንግግር ይከርራል፤ ከዚያ አምባሳደሮች ይጠራሉ፤ በረራ ይቋረጣል፤ በመጨረሻ ጦር ወደ ድንበር ይጠጋል። የናቅፋው ክርክርና የባድመው ጦርነት በአንድ ዓመት ውስጥ መሆናቸውን አንርሳ። መንግሥታት ለዜጎቻቸው የሚያወጡትን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ማንበብም ይገባል። ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ ውሎች በጦርነት ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት አይከፍሉምና ውሉን ሳያነብቡ መተማመን ሞኝነት ነው።

4ኛ/ የምሄደው ለምንድር ነው? ሕንጻና ባሕር ለማየት እንደ ሆነ ሕንጻውም ባሕሩም የትም አይሄዱም፤ ነገሩ እስኪበርድ ይቆያሉ። በኩርፊያ ቀን ለመዝናናት ብሎ ራስን ለአደጋ መስጠት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ነው።

ከክርክሩ በኋላ

ዳኞቹ ለእኛ ወገን ፈረዱ። እኔም ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁና ድሉን ለአያቴ ነገርኋት። አያቴ አሥመራ ተወልዳ ያደገች፥ በትዳር ምክንያት አዲስ አበባ የመጣች ናት፤ ታናሽ እኅቷ ግን እዚያው ቀርታለች። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ የእኅቷን ድምፅ አልሰማችም። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ስልኩ ሲከፈት እኔ ሕፃን ነበርሁ፤ ሁለቱ እኅትማማቾች በስልክ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ ልቅሶ እንጂ ቃል እንዳልወጣቸው አስታውሳለሁ። በዚያ ሰሞን አያቴ በእጇ የፈተለችውን ጥጥ ለሸማኔ ሰጥታ ለእኅቷ ጋቢ አሠራች። አባቴ ግን «እማዬ፥ ነገሩ ትንሽ ይጥና፤ ለፋሲካ እንሄዳለን» አላት። ፋሲካ ሳይደርስ የየብሱ በር ተዘጋ። አይሮፕላኑ ገና ይበርር ነበር፤ አባቴ አሁንም «ትንሽ እንይ» አለ። ከዚያ በሽታው መጣ፤ ጦርነቱ መጣ፤ በመጨረሻም በረራው ቀረ። ጋቢው ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ በሣጥን ውስጥ ነው፤ አያቴ ብል እንዳይበላው እያወጣች ፀሐይ ታሰጣዋለች።

ስለ በሩና ስለ ቆንስሉ የተናገርሁትን ሁሉ በጸጥታ ከሰማች በኋላ «መልካም ተናግረሃል ልጄ፤ ለመሆኑ መንገዱ ተከፍቶ ሳለ የቀረውንስ ሰው ምን አላችሁት?» ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ አጠገባችን ነበር፤ አንገቱን ደፋ። እኔም መልስ አልነበረኝም። በክፍላችን ከነበሩት ተከራካሪዎች መካከል ይህን ጥያቄ ያነሣ አልነበረም።

ስለዚህ ዛሬ ክርክሩን እንደገና ብከራከር እንዲህ እላለሁ። ለመዝናናት የሚሄድ ሰው ጎረቤቶች ሲኳረፉ ይቆይ፤ አገሩ ውስጥ ያላየው ብዙ ነገር አለ። ዘመድ ያለው ሰው ግን አራቱን ጥያቄዎች ጠይቆ መልሱ ደኅና እንደ ሆነ በሩ በተከፈተበት ቀን ይሂድ፤ «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይባላልና። የተዘጋ በር የሚጎዳው በማዶ የቀረውን ብቻ አይደለም፤ በወዲህ ሆኖ ቀን የሚቀጥረውንም ይጎዳል። ጥንቃቄና ማመንታት መልካቸው አንድ ስለሚመስል ሰው ሁለተኛውን በአንደኛው ስም ይጠራዋል። ልዩነታቸው ግን ግልጽ ነው፤ ጥንቃቄ ጠይቆ ይወስናል፥ ማመንታት ሳይጠይቅ ቀን ይገፋል።

መሄድ ለማንችለውም የሚቀር ሥራ አለ። የጎረቤታችንን ታሪክ እናንብብ፤ ትግርኛ የማናውቅ እንማር፤ የመንግሥታትን ጠብ ሰምተን ከአጠገባችን የተቀመጠውን የክፍል ጓደኛችንን በትውልዱ አንስደብ። ኩርፊያው ሲበርድ መጀመሪያ የሚሻገረው ቋንቋውን ያወቀና ክፉ ቃል ያልተናገረ ሰው ነው። በሩም እንደገና በሚከፈትበት ቀን «ትንሽ እንይ» የሚል ሰው በቤታችን እንዳይገኝ፥ የአያቴም ጋቢ ከሣጥን ወጥቶ ለባለቤቱ እንዲደርስ ምኞቴ ነው።