ሥጋው የት ደረሰ በይ

እስቲ የአባትሽን የምርመራ ወረቀት ወዲህ አዙሪው እህቴ፣ አብረን እናንብበው። «የጨጓራ ስትሮማል ዕጢ ሊሆን ይችላል» ይላል። ይኼ ሰው ሁሉ የሚፈራው የተለመደው የጨጓራ ካንሰር አይደለም። ያኛው ከውስጠኛው ሽፋን ይነሳል፤ ይኼኛው የሚበቅለው ከሽፋኑ ሥር፣ ከጨጓራው ግድግዳ ውስጥ ነው። በኢንዶስኮፒ የተቆነጠረው ናሙና አንዳንዴ «ምንም የለም» ተብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

አባትሽ «ጨጓራዬ ነው» እያሉ ኦሜፕራዞል ሲውጡ ከርመዋል። ዕጢው ግን ቀስ እያለ ሊደማና ደማቸውን ሊያሳንስ ይችላል። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል አድርሻቸው።

ወደ ሌላ አካል እስካልተዛመተ ድረስ ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው። ብዙውን ጊዜ ጨጓራው በሙሉ አይወጣም፤ ዕጢው በዙሪያው ካለ ጥቂት ጤነኛ ሥጋ ጋር ተቆርጦ ይወጣና ይሰፋል። ትልቁ ጥንቃቄ ሳይፈነዳ መውጣቱ ነው፤ ከፈነዳ ሆድ ውስጥ ሊዘራ ይችላል። ዕጢው በጣም ትልቅ ከሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ ኢማቲኒብ የሚባል ክኒን ለወራት ሰጥቶ ሊያሳንሰው ይችላል፤ ያኔ «አዘገዩብን» እንዳትይ።

አዲስ አበባ ካልሄዱ ያልታከሙ የሚመስላቸው ዘመዶች ይኖሩሻል። የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ቀዶ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ነው፤ ኦቶናም የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። መጀመሪያ እዚሁ ሶዶ «እናንተ ትሠሩታላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ሪፈር ካሉሽ ግን ወረቀቱን ሳትይዢ አትነሺ፤ የጤና መድኑም ያንን ነው የሚያየው።

አሁን በደንብ ስሚኝ። በቀዶ ጥገና የወጣው ሥጋ ለምርመራ ፓቶሎጂ ክፍል መድረስ አለበት። ብዙ ጊዜ ሥጋው ያለበት ዕቃ ለቤተሰብ ይሰጣል፣ በግርግር መሃል መስኮት ላይ ተረስቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የዕቃው አፍ ሰፊ ይሁን፣ ፎርማሊን የሚባለው ማቆያ ፈሳሽ ሥጋውን በደንብ ይሸፍነው፣ ስማቸውና ቀኑ ይጻፍበት። ውሃ ጨምረሽ እንዳታቀጥኚው፣ ፍሪጅም ውስጥ እንዳታስገቢው።

ውጤቱ ሲመጣ ሦስት ነገር ፈልጊ፦ ስፋቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? በመከፋፈል ላይ ያሉት ሴሎች ስንት ናቸው? ፈንድቶ ነበር ወይ? ጨጓራ ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ በመከፋፈል ላይ ያሉት ሴሎችም ከ5 ያልበለጡ፣ ሳይፈነዳ ሙሉ በሙሉ የወጣ ከሆነ የመመለስ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ ክኒንም ላያስፈልጋቸው ይችላል። አደጋው ከፍ ያለ ከሆነ በቀን 400 ሚሊ ግራም ኢማቲኒብ፣ ቢያንስ ለ3 ዓመት ይታዘዛል። ዋጋው ከባድ ነው። ጥቁር አንበሳ ይኼንኑ መድኃኒት ለደም ካንሰር ሕሙማን በእርዳታ ፕሮግራም ሲሰጥ ቆይቷል፤ ለአባትሽም የሚሆን መንገድ ካለ ሐኪሙን ጠይቂ።

የዘመን መለወጫው ጊፋታ ቢደርስም ስፌቱ ሳይድን ጥሬ ሥጋና ዳጣ አይቅመሱ፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ። ክኒኑ ከታዘዘላቸው ከምግብ ጋር፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይውሰዱት። «ደህና ሆኛለሁ» ብለው በራሳቸው እንዳያቆሙት አንቺ ቁጠሪላቸው፤ የሲቲ ስካን ቀጠሯቸውንም አንቺ ያዢ።